ፊት የሌለው ፎቶ ማንንም አይነካም ላሉት ኃላፊ

ለተከበሩ ኦቦ ረጋሳ፣
የሰፈራችን ወጣቶች ማዕከል ኃላፊ፣
አምቦ

አካም ጅርቱ? እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ቦርጭዎንም እንዲሁ፣ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ። እኔ መቲ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍልን ከመውደዴ የተነሳ ሁለቴ የተማርኩት፣ የመረብ ኳስ ቡድንዎ አምበል የለንሳ ታናሽ እህት። ኃላፊ ቁጥር ይወዳል ሲባል ስለሰማሁ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ፎቶ አንሺዎ ሞቲ፣ እህቴ ኳስ ልትመታ ስትዘል አንስቶ፣ ከአንገት በላይ ቆርጦ ጥሎ፣ «ከአስር ስንት ትሰጧታላችሁ?» ብሎ በማዕከሉ ፌስቡክ ላይ ስለለጠፈልን እናመሰግናለን። ከጊንጪ እስከ ባኮ ያለው ጎረምሳ ሁሉ ፈታኝ ሆኗል። ለንሳ ግን በዚህ ፀሐይ ነጠላ ተከናንባ ነው ዳቦ የምትገዛው፤ ፎቶው ካልወረደ ቅዳሜ ባኮ ለሚደረገው ውድድር አልሄድም ብላለች።

2ኛ. እናታችን ቢሮዎ ድረስ መጥታ ስትለምንዎ፣ «ፊቷ እኮ አይታይም አዴ፤ ማን ያውቃታል?» ብለው ስላጽናኗት። ፎቶው ላይ ያለውን ሰባት ቁጥር ማሊያ የምትለብሰው እሷ ብቻ መሆኗን የማያውቅ ከከተማው እርስዎ አንድ ነዎት።

3ኛ. «ችግሩ መጀመሪያ በጥናት ይለካ» ብለው ሴቶቹን አዳራሽ ስለሰበሰቡልን። ወንዶቹ በመስኮት ተንጠልጥለው እያዩ፣ በፌስቡክ እንደ ዕቃ ታይቻለሁ የምትል እጇን ታውጣ ተባለ፤ መጀመሪያ «አልፎ አልፎ» የምትል፣ ቀጥሎ «ዘወትር» የምትል። እጅ ቆጣሪው ያው ሞቲ ነበር። ማንም አላወጣችም፤ ለንሳም ነጠላዋ ውስጥ ነበረች። ችግር አለመኖሩ በጭብጨባ ጸደቀ።

4ኛ. ይኸኛው የራሴ ጥናት ነው። እሁድ የከተማችን መዋኛ ገንዳ ዳር በቁምጣ ቆመው ሳሉ በሞባይል አንስቼ፣ እንደ ማዕከሉ ደንብ ከአንገት በላይ ቆርጬ ለሞቲ ላክሁለት፤ እሱም ማን እንደሆኑ ሳያውቅ «ከአስር ስንት?» ብሎ ለጠፈዎት። አንዱ ሁለት ሰጠዎት፤ አንዷ ለቦርጩ ብቻ ዘጠኝ አለች። ፊትዎ ስለሌለበት እርስዎ መሆንዎን ማንም አላወቀም ነበር፤ የሞቲን በር በርግደው «አውርድልኝ!» ብለው እስኪጮሁ ድረስ። ምሳ ሳይደርስ ወረደ። አዳራሽ አልተሰበሰበም፣ እጅ አልወጣም፣ አልፎ አልፎ ነው ወይስ ዘወትር ብሎ የጠየቀዎትም የለም። ፎቶ ማውረድ የሚቻል ነገር መሆኑን በተግባር ስላስተማሩን ምስጋናዬ ወደር የለውም። የለንሳ ፎቶ ግን እስካሁን እዚያው ነው።

ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ አንገትዎ በፎቶም በአካልም በቦታው እንዲኖር የምመኝ ታናሽዎ፣

መቲ
ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የባኮው አውቶቡስ ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል። እሁድ ያነሳሁዎት ፎቶ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛው ፊት አለው። ፈገግታዎ በጣም ስላማረኝ እሱን አልቆርጠውም።