የታጠቡት ኳሶች

የሻረግ፣

ጠዋት ውሃ መጥቶ ነበር፣ ሮቶው ሞልቷል። የተረፈውን ሽሮ አሙቀሽ ብዪ።
እኔ መስቀል ፍላወር ሰፈር ነኝ። እንደኔ ኳስ እያፈራረቁ መወርወርና መቅለብ፣ ጃግሊንግ፣ የሚወዱ ሰዎች እዚህ የሚሰበሰቡት ዛሬ ነው።

ማክሰኞ ኳሶቼን ከልብስ ጋር አጥበሽ ገመድ ላይ ሰቅለሻቸው ሳይ «አውቀሽ ነው» ያልኩሽ... በቃ፣ ተናድጄ ነው። ካልሲ ውስጥ ድፍን ምስር ሞልቼ እንደሰፋኋቸው ነግሬሽ አላውቅም። «ንጹህ ይዘሽ እንድትሄጂ ብዬ ነው» ስትይኝ እንኳ አልሰማሁሽም።

ዛሬ አብጠው ስፌታቸው ተተርትሯል፣ አንዱማ አብቅሏል። ሦስት ሎሚ ይዤ ወጥቻለሁ። እዚያ የሚመጡት የሰርከስ ልጆች ናቸው፤ እኔ አራት ዓመት ተለማምጄ አራተኛው ኳስ ሁሌ የሚወድቅብኝ፣ በሎሚ ምን እንደማደርግ እንጃ።

ሻንጣሽን በሩ ጋ አይቼዋለሁ። ላንቻ እህትሽ ጋ የምትሄጂ ከሆነ ቁልፉን ቆጣሪው ላይ ተዪልኝ።

ደግሞ... ለዛሬው ስመዘገብ ስምሽን ከስሜ ጎን አስጽፌ ነበር። ጓሮ እንደምናደርገው፣ እኔ ስወረውር አንቺ እንድትቀልቢ። ልነግርሽ ያሰብኩት ማክሰኞ ነበር።

ስምሽን ሲጠሩ «የለችም» እላለሁ።

ፍሬሰላም