እኛ ደጅ አድራ ሌላ ሰፈር የምታስጠነቅቅ መኪና

ይድረስ ለተከበሩ የአካባቢያችን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ጣሪያስ? እኔ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል፣ ኮረኮንቹ ላይ የምኖረው ሶሬቲ ፉፋ፣ ጣሪያዬ በከፊል ከመሄዱ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ክቡርነትዎ፣ በአደባባይ የምጽፍልዎ ልከስዎ አይደለም፤ ቅናት ይዞኝ ነው። ቅናት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የመድኃኒቱ ባለቤት እርስዎ ስለሆኑ ለእርስዎ እናዘዛለሁ።

አንደኛ፣ በባሌ እህት በመዓዛ ቀንቻለሁ። መዓዛ ታች አስፋልቱ ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከገባች ወዲህ፣ ነጎድጓድና ከባድ ነፋስ ሊመጣ ሲል ሞንታርቦ የጫነችው መኪናዎ ደጇ ድረስ ሄዳ ከመስኮት ራቁ፣ በረንዳ ላይ ያለውን አስገቡ፣ ዛፍ ሥር አትጠለሉ እያለች ትለማመጣታለች። መዓዛም ትደውልና «አንቺ ሶሬቲ፣ ለእናንተ አልነገሯችሁም እንዴ?» ትለኛለች። ነፋሱን እችለዋለሁ፤ ይህችን «እንዴ» ግን አልቻልኳትም።

ሁለተኛ፣ ያቺ መኪና የምታድረው እኛ ደጅ ነው! ሾፌሩ በላይነህ ጎረቤቴ ስለሆነ ከአጥሬ ጀርባ ያቆማታል። ጠዋት ሞንታርቦውን ፈትሾ፣ ቃል ሳይተነፍስ በመሃላችን አልፎ፣ ጎማው አስፋልት ሲነካ መናገር ይጀምራል። ብጠይቀው «እትዬ ሶሬቲ፣ እኔ የታዘዝኩት ከአስፋልት ወዲያ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሰው ስላፈሩ አመሰግናለሁ፤ ለነፋሱም ያንኑ ትእዛዝ ቢሰጡልን ደግሞ እንዴት በወደድኩ!

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ነፋሱ ድንጋይና አሮጌ ጎማ የጫንኩበትን ቆርቆሮ ከነጎማው ሲያነሳው ልጄ ኪያ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ተረፈች። በማግስቱ ሰዎችዎ ሜትር ይዘው ሲመጡ፣ እሰይ፣ ደረሱልኝ ብዬ በሩን በረገድኩት። እነሱ የለኩት መኪናዋን ነው። ሞንታርቦው እንዳይረጥብ ብለው በብረት ቋሚ፣ በአዲስ ቆርቆሮ ቤት ሠሩላት። እኔ ሸራ ሥር ተኝቼ፣ ዝናቡ በእሷ ጣሪያ ላይ ሲዘፍን እሰማለሁ። በሰው መቅናትስ ያለ ነው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ በመኪና ቀናሁ!

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ በኪያ አልጋ አናት ላይ ያዘመመው ባሕር ዛፍ ይቆረጥልኝ። ሥሩ ተነቃንቆ መሬቱ ተሰንጥቋል። ራሴ እንዳላስቆርጠው ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ፈቃድ ስጠይቅ ቢሮዎ ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ዛፉ ጤነኛ ነው አለኝ። ሲወድቅም አረንጓዴ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

እስካሁን ስለሰጡኝ የተሟላ ዝምታ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከአስፋልት ወዲህ የምኖር አክባሪዎ፣
ሶሬቲ ፉፋ

ይድረስልኝ ያልኩት ተጨማሪ፦ መቁረጥ እንጂ መሳብ ክልክል ነው ስላልተባለ፣ ትናንት ከጎረቤት ተጠራርተን ዛፉን በገመድ ከኪያ አልጋ ወደ ማዶ ስበን አስረነዋል። ማዶ ያለው የመኪናዋ አዲስ ቤት ነው። ገመዱ አሮጌ ነው፤ እስከ መቼ እንደሚችል አላውቅም። በላይነህ እዚያ እንዳይቀመጥ ነግሬዋለሁ፤ እኛ ጎረቤታሞቹ እንነጋገራለን። እርስዎም ነገ አልነገሩኝም እንዳይሉ፣ ማስጠንቀቂያው ይኸው፤ የእኔው ማስጠንቀቂያ ግን አስፋልት አይመርጥም።