ታዬ በምን እንደሞተ

ታዬ ዓለሜ፣

አፈር ከለበስክ አራት ዓመት አለፈ። እንደምን አለህ አልልህም፤ አንተ ካለህበት መልስ አይመጣም። እኔ ግን አለሁ፣ ያውም ተቆጥቼ። ስቆጣ እንዴት እንደምሆን ታውቃለህና ችለህ ስማኝ።

ጦርነቱ ከኻርቱም አስወጥቶን ገዳሪፍ ከተማ ከርመን ባለፈው ክረምት ኻርቱም ወደ ሰፈራችን ወደ ሳጃና ተመለስን። ቤታችን ቆሟል፤ ቆሟል ማለት ግድግዳው አለ። በሩን ከነመቃኑ ነቅለውታል። የመፍቻ ሣጥንህ የለም፣ ማቀዝቀዣውም የለም። የሰውን ሁሉ ማቀዝቀዣ ስትጠግን የኖርክ ሰውዬ፣ ሚስትህ ዛሬ የሞቀ ውሃ ነው የምትጠጣው። ዘራፊዎቹ መስኮቱ ላይ የተዉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግማሹ የቀረው የሴሊኒየም ክኒን ብልቃጥህ። ሌባ የናቀውን መድኃኒት ነው እኛ ያመንነው።

የታመምክ ጊዜ ሁዳዴ ሊገባ ነበር። ከስተህ ሱሪህ ወገብህ ላይ አልቆም ብሎ ነበር። ሽንት ቤት ስትቀመጥ ደም ታያለህ፤ ኪንታሮት ነው አልከኝ፣ ለማንም እንዳልናገርም አስማልከኝ። በስንት ጭቅጭቅ እዚሁ ኻርቱም ሪያድ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኩህ። ሐኪሙ ሁለት ነገር ነገረን። አንዱ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከሥጋ የሚገኘው ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን በደምህ ውስጥ አንሷል። ሁለተኛው፣ ትልቁ አንጀትህ በመሣሪያ ከውስጥ መታየት አለበት፣ ያውም ቶሎ። መሣሪያው በየት በኩል እንደሚገባ ሲነግርህ ፊትህ ጠቆረ። ለወንድ ልጅ ነውር ነው ብለህ ወጣህ። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ወደ ቤት ሄድን።

እኔም አገዝኩህ። ካፉሪ ሰፈር በሠራተኝነት የምሠራበት ቤት ማዳም ያንኑ ክኒን በየጠዋቱ ስትውጥ አይ ነበር። ስነግራት ኢንሻላህ ይሻለዋል ብላ ብልቃጡን እንዳለ ሰጠችኝ። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደመጣሁ! አንተ ግን የእንክብሉ ሽፋን ከከብት ቆዳ ቢሆንስ፣ ጾሜን አልሽርም ብለህ እያንዳንዱን ክኒን እየፈለቀቅህ ዱቄቱን በሎሚ ውሃ በጥብጠህ ጠጣህ። ጾሙ እንዳይፈርስ ይህን ያህል የተጠነቀቅህ ሰው፣ ምርመራውን ከፋሲካ በኋላ አልክ። በቀን አንዱ ክኒን ሦስት ሆነ። ጥፍርህ እየተሰነጠቀ፣ ትንፋሽህ ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ መጣ። ሳትበላው የምትሸት አንተን ብቻ አየሁ እያልኩ ሳቅኩብህ፤ አንተም ሳቅህ። ክኒኑ ከልክ በላይ ሆኖብህ እንደነበር የሰማሁት ከሞትክ በኋላ ነው። ፋሲካ ሲደርስ የአንጀትህ ካንሰር ጉበትህ ገብቶ ነበር።

ልቅሶህ ላይ ግማሹ ጾሙ ጎዳው አለ፣ ግማሹ ሚስቱ ከማዳሟ ቤት ያመጣችው ክኒን ገደለው አለ። ይህንን ተሸክሜ ገዳሪፍ ሄድኩ፣ ተሸክሜው ተመለስኩ። በኋላ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን አንዲት ሐኪም አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳት። ይህ ካንሰር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሴሊኒየማቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ግን እሱ አንሶ በሽታው መጣ ወይስ በሽታው አሳነሰው የሚለው ገና አልጠራም አለችኝ። አንጀት ውስጥ የበቀለውን ግን ክኒን አይነቅለውም። ስለዚህ ስማኝ ታዬ፤ ጾምህ አልገደለህም፣ እኔም አልገደልኩህም። የገደለን መደበቃችን ነው። ይህንን ከአፌ የሚያስጥለኝ የለም!

ባለፈው ወር ሙት ዓመትህን ስናወጣ፣ እዚህ ያለነው አበሾች ማኅበር ሽማግሌ በሆድ ሕመም ያረፈው ወንድማችን ብለው ጀመሩ። ብድግ አልኩ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው፣ ከሰገራው ጋር ደም ያይ ነበር፣ ደበቀ፣ እኔም አብሬው ደበቅሁ አልኩ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሽማግሌው የሟች ገመና አይወጣም ብለው ተቆጡኝ። ሟች ገመና የለውም አባቴ፣ ገመና የሚገድለው በቁም ያለውን ነው አልኳቸው። ወንድምህ ግርማ ጥግ ላይ ተቀምጦ እህሉን ሳይነካ አቀርቅሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መጣ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ያ የታዬ ብልቃጥ ካለ ስጪኝ አለኝ። ደም ታያለህ? አልኩት፤ እጁን ለብልቃጡ ዘረጋ። ብልቃጡን አንስቼ ዓይኑ እያየ ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት፣ ያላ፣ ተነስ ብዬ እሱን ባለሦስት እግሩ ሪክሻ ላይ ጫንኩት፣ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ኦምዱርማኗ ሐኪም።

የምርመራው ቀጠሮ ሲደርስ ሆድ የሚያጥበውን መድኃኒት ቤቴ አስቀምጬ አጠጣሁት። ሐኪም ቤት የሚለበሰውን ጨርቅ ለብሶ ሲወጣ እንደሚያመልጥ ገባኝ። እንደ አንተ ነው፣ በዓይኑ በር በሩን ያያል። ሱሪውንና ጫማውን ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ጨርቅ እስከ ሳጃና በእግርህ ሂድ፣ ማን ያዘህ አልኩት። ሰደበኝ፣ አለቀሰ፣ ገባ።

ሦስት ትንንሽ እባጮች አገኙበት። እዚያው ቆርጠው አወጧቸው፣ አንዷ ልትከፋ እየተዘጋጀች ነበር አሉ። በየጊዜው እየተመላለሰ መታየት አለበት፤ እየጎተትኩም ቢሆን እወስደዋለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አፍሮ አያናግረኝም። አያናግረኝ!

አንተንስ አለቅስልሃለሁ፣ ሳቅህን፣ በእጅህ ላይ የነበረውን የግራሶ ሽታ፣ ጨዋታህን አልረሳም። ግን የምዘክርህ በውሸት አይደለም። በየዓመቱ ሙት ዓመትህ ሲወጣ ብድግ ብዬ በምን እንደሞትክና ምን እንደደበቅን በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ። ብታፍር እዚያው ሆነህ እፈር ውዴ። ወንድምህ እዚህ በሕይወት አለ።

ሚስትህ፣ አልማዝ