የማጠንጠኛው መቀመጫ

ውዴ ተፌ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። በሰው ፊት አርባ ዓመት ሙሉ «አቶ ተፈራ» እያልኩ ስጠራህ ኖሬአለሁ፤ ተፌ የምትባለው በራችን ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነበር። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ያነበዋል። ያንብበው። ዛሬ በሰው ፊትም ተፌ ነህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እስከ በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጠፈ። ድንጋዮቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው ስላየሁ የአንተን ውኃ ልክ ይዤ ወጣሁና መንገዱ ላይ አስቀመጥኩላቸው። አለቃቸው «እማማ፣ ተቆጣጣሪ ነዎት እንዴ?» አለኝ። የቀያሽ ሚስት ነኝ አልኩት። ሦስት ረድፍ ነቅለው እንደገና ሠሩ። ቧንቧው ግን አሁንም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ጅጅጋ ሁሉ ነገሯ ሲለወጥ ይህ አልተለወጠም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዘንጉ ነው።

ለልጃችን ለሂሩት የጀመርከው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አንተ ስታርፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ታስረዋል፤ የቡሽ እጀታውም ገብቷል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከእጀታው በታች፣ በዘንጉ መጨረሻ ላይ የሚገባው የማጠንጠኛው መቀመጫ። ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ እሱ ላይ ካልተቀመጠ ዘንግ ምንድን ነው? ሸምበቆ ነው ትል ነበር። በወጣትነትህ ባሌ ቅየሳ ላይ ሳለህ፣ አብሮህ ይሠራ የነበረው ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ሁለት ባዶ ዘንግ ትቶልህ ሄደ። አንዱ ያንተ ሆነ፤ ሁለተኛውን ለሂሩት ይዘህ ኖርክ። ይህ ከተበላሸ ምትክ የለውም። አንተ ጀምረህ ያልጨረስከው ነገር በዚህ ቤት ውስጥ ይህ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳይጨርሱ መተው አልወድም።

ታስታውሳለህ፣ መጀመሪያ እዚህ ስንመጣ ዘንግህን ይዘህ ከከተማው ውጭ ወዳለው ሜዳ ስትሄድ? ውኃ በሌለበት፣ ሣሩ ላይ፣ ለልምምድ ያህል፣ ዓሣ ለማታለል ከዶሮ ላባ የሠራሃትን የውሸት ዝንብ ወደ ፊት ወደ ኋላ ትወረውራለህ። ግመል የሚነዱ ሰዎች ቆመው ያዩሃል። አንዱ ምን እየያዝክ ነው ቢልህ «ነፋስ» አልከው። ከዚያ ወዲህ ስምህ «ኦዳይ ከሉን» ሆኖ ቀረ፤ ሽማግሌው ዓሣ። ገበያ ስሄድ «የኦዳይ ከሉን ሚስት፣ ዛሬስ ምን ያዘ?» ይሉኝ ነበር። አፍሬብሃለሁ፤ አልክድም። እስከ ኤረር ወርደህ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ባለው ወንዝ የጣት ያህል ዓሣ ይዘህ፣ ከመንጠቆ አላቅቀህ መልሰህ ስትለቀው ያየሁ ዕለት ግን ማፈሬ ቀረ። ያን ያህል ተጠንቅቆ የሚለቅ እጅ አይቼ አላውቅም ነበር። ከኋላህ ቆማ እጅህን የምታየው ሂሩትም ያን ቀን ተማረች።

ካረፍክ በስድስተኛው ወር ወንድምህ መጥቶ ዘንጉን አየና «አንድ እንጨት በምስማር መትተን እንስጣት» አለ። በምስማር! ተፌ፣ በምስማር። ሻዩን አጠጥቼ ሸኘሁት።

እኔው ልሠራው ወሰንኩ። ቶርኖ ቤት ላለው ለዩሱፍ ወረቀት ላክሁ። ዩሱፍ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ የነበረው ነው፤ ዛሬ ጢሙን ሂና ይቀባል። የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ «አንድ መቀመጫ፣ ከወይራ እንጨት፣ ቁመቱ አሥር፣ መካከሉ ክፍት፣ ልስልስ ተደርጎ ይሠራ።» ፊደሉ ተስተካክሏል፣ ነጠላ ሰረዙ በቦታው ነው። ከቀብርህ ወዲህ ከዘንጉ ሌላ የማስበው ስላልነበረኝ ዓለም ሁሉ ስለ ዘንጉ የሚያስብ መስሎኛል።

በሳምንቱ ዩሱፍ ራሱ መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ዓይኔን አያይም። «ኤዶ» አለኝ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ «እግዜር ያሽርዎት። ለማንም አልተናገርኩም።» ጨርቁን ገለጥኩ። አሥር ኢንች ቁመት ያላት፣ መሐሏ ክብ ሆኖ የተቀደደ፣ እንደ መስታወት የምታበራ የወይራ በርጩማ! መጸዳጃ ቤት መቀመጥ ያቃተኝ በሽተኛ አድርጎኝ ነው ለካ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ዘንግ በጣቴ አሳየሁት። ዘንጉን አየ፣ በርጩማዋን አየ፣ ወረቀቴን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ያ ሂናም ጢም ምን አለኝ መሰለህ? «መምህርት፣ አሥር ምን? አሥር ፍየል?» ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ መለኪያ ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ ለሚያስቀምጥ ተማሪ ሁሉ የምለው ቃል ነበር። ዜሮ የሰጠሁት ልጅ መለሰልኝ። ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ ካረፍክ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር።

ትክክለኛውን ከተረፈው ወይራ ሠራልኝ፤ አሥር ሳንቲ ሜትር፣ የማጠንጠኛው እግር የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ መስመር ያለው፣ የነሐስ ቀለበት የታሰረለት። ቀዳዳው ከዘንጉ ይሰፋል። በመካከል ያለውን ክፍተት ዘንጉ ላይ ክር ጠቅልለህ ስትሞላ አይቻለሁና እኔም ጠቀለልኩ። ጥብቅ፣ አንዱ ክር ከሌላው ሳይለያይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። በሁለት ቱቦ የሚሸጠውን ማጣበቂያ አደባልቄ ቀባሁ። መቀመጫው እየተንቋቋ በግድ ገባ። ዙሪያውን ጠርጌ ሳየው አንዲት እንከን የለውም። ኮራሁ፤ ፎቶግራፍህን ቀና ብዬ እስከማየት ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን በእጄ ጠምዘዝ ባደርገው ዞረ። ማጣበቂያውን ሁሉ የክሩ ጥብቀት እየገፈፈ ወደ ውጭ አውጥቶት ኖሯል፤ እኔም በንጽሕና ጠርጌዋለሁ።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በልጅነቴ ጥልፍ ያስተማሩኝን መምህርት አሰብኩ። ጥልፋችንን ገልብጠው ጀርባውን ነበር የሚያርሙት፤ «የፊቱ ለሰው ነው፣ የኋላው ለአንቺ ነው» ይሉን ነበር። የኋላውን ረሳሁት። ከዚያም የአንተ ድምፅ መጣልኝ፦ «ለማጣበቂያውም ቦታ ተይለት እንጂ፣ እማዋይሽ።» ይህን ስንት ጊዜ አልከኝ! ስለ ዘንግ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሂሩት ደገሀቡር ውኃ ቢሮ ተቀጥራ ስትሄድ በየቀኑ ደውዪ ብዬ ሳስጨንቃትም ይህንኑ አልከኝ፤ ተቆጥቼህ ነበር።

መቀመጫውን ማውለቅ ነበረብኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሙቀት ማጣበቂያውን ያለሰልሳል፤ ሲበዛ ግን ዘንጉንም ይገድላል። እጀታውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ መቀመጫውን ለጀበና እንፋሎት እየሰጠሁ፣ እየቆጠርኩ፣ እየፈተሽኩ ቆየሁ። ጠዋት የጀመርኩት ለምሳ ሰዓት እሺ አለ። ዘንጉን አገላብጬ አየሁት፤ ደኅና ነው።

ሁለተኛውን እንደ አንተ ሠራሁ። ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አሻከርኩ። ክሩን በሦስት ቦታ ብቻ፣ እንደ መቀነት አስታጠቅሁት፤ በመቀነቶቹ መካከል ያለውን ባዶ ማጣበቂያው ሞላው። መቀመጫው ሳይንቋቋ በለስላሳው ገባ። ቶሎ አልጠረግሁም። ቀጥታ የምትለካበትን ባለ ክሩን ቱንቢህን ከመስኮቱ ላይ ሰቀልኩ፣ ማጠንጠኛውን መቀመጫው ላይ አሰርኩ፣ ዘንጉን ከቱንቢው ክር ጎን አቆምኩና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ናቸው፤ ማጠንጠኛው ግን በፀጉር ስፋት ወደ ግራ ዞሯል። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ትንሽ መለስኩት። ደግሞ አየሁ። ደግሞ መለስኩት። ቀያሽ አግብቼ ቀጥ ያለ ነገር ምን እንደሚመስል የማላውቅ ከሆነ ምን ሳይ ኖርኩ? በመጨረሻ ቱንቢው፣ ቀለበቶቹና ማጠንጠኛው አንድ መስመር ሆኑ። ያን ሁሉ ጊዜ የተቀመጥኩት በዩሱፍ በርጩማ ላይ ነው። ትራስ ጥዬባታለሁ፤ እንደ እሷ የሚመች የለም።

ሂሩት ለዓመትህ ትናንት ከደገሀቡር ገባች። ዘንጉን አውርጄ እጇ ላይ አኖርኩ። መጀመሪያ መቀመጫውን በሁለት እጇ ይዛ ጠመዘዘችው፤ በኃይል፣ ያለ ርኅራኄ፣ ልክ እኔ እንዳሳደግኋት። አልነቃነቅም አለ። ከዚያ ዘንጉን ወደ መስኮቱ አነሣችና ግራ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንተ የምትጨፍነውን ዓይን። «ቀጥ ብሏል» አለች።

ዛሬ ጠዋት አብረን ወደ ሜዳህ ወጣን። ሣሩ ላይ ቆማ ወረወረች፤ ክሩ ከራሷ በላይ ተዘርግቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ተፈትቶ እንደ ጥሩ ጽሑፍ ወረደ። አንድ ግመል የሚነዳ አዛውንት ቆመ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሲያይ ቆየና በሶማሊኛ ጮኸ፦ «ኦዳይ ከሉን ተመለሰ እንዴ?» ሂሩት ክሯን ሳታቆም፣ ዘወርም ሳትል፣ በሶማሊኛ መለሰችለት። ልጁ ነኝ አለችው። ሰውዬው «ምን እየያዝሽ ነው ታዲያ?» አላት። «ነፋስ!»

ተፌ፣ ቆሜ አለቀስኩ ብልህ ውሸት ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እንደ ርእሰ መምህር ቆምኩ። ያቺ ልጅ የአንተ ናት፣ ያ ዘንግ የአንተ ነው፣ መቀመጫው ግን የእኔ ነው። በልማዴ ማረም ስላለብኝ ለሥራዬ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በመለኪያው ነው።

ዓመትህን ካወጣን በኋላ ኤረር እንወርዳለን። አንተ እንዴት እንደምትለቅ አይቻለሁና፣ ሂሩት መጀመሪያ የያዘችውን ዓሣ እኔ ከመንጠቆ አላቅቄ እለቀዋለሁ። ቱንቢህን ከመስኮቱ አላወረድኩትም፤ አላወርደውምም። በየማለዳው መጋረጃውን ስገልጥ ቆም ብዬ አየዋለሁ፤ በዚያ ክር እየለካህ ቀጥ አድርገህ የሠራኸው ሥራ ሁሉ ትዝ ይለኛል። እኔም በተራዬ ወደ አንተ እስክመጣ ድረስ እንዲሁ እያየሁት እኖራለሁ።

በሰው ፊትም ያንተው፣
እማዋይሽ