መልስ የሌለው መጽሐፍ

መጋቢት 9 ቀን፣ ሰኞ ቀትር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደኅና ነን፤ ቢያንስ አንዳችን። እናትሽን ግን ጠርጥሬያታለሁ።

እሁድ እሁድ ስልክሽ ሲጮህ እኔ ካገባሽ ወዲህ እንደ ልማዴ ጋዜጣዬን ይዤ መኝታ ቤት እገባለሁ። እሷ ደግሞ ሰሞኑን የወጥ ቤቱን በር መዝጋት አምጥታለች፤ ሽንኩርት ስትጠብስ እንኳ ዘግታው የማታውቀውን በር! ልብስ ስትተኩስም ብቻዋን በማላውቀው ቋንቋ ታነበንባለች።

«ምንድን ነው የምትይው?» ስላት፣

«ጸሎት ነው» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ጸሎት አልገጠመኝም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሻንጣውን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ አቧራውን ስታራግፍ አየኋት። እኔን ትታ አንቺ ዘንድ ልትቀር ነው አልኩ።

ቋንቋው ያገባሽው ሰውዬ የሚናገረው ስፓኒሽ መሆን አለበት ብዬ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። የዕለት ተዕለት ጥያቄዎች መማሪያ አወጣልኝ።

«አባባ፣ የመልሱ ክፍል ተገንጥሏል፤ ያለው ጥያቄው ብቻ ነው።»

«ግድ የለም፤ እኛም ቤት መልስ የሚሰጠኝ የለም» አልኩት።

ስምህ ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ የት ነው፣ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። ትናንት ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆምኩ። ከስልኩ የወጣው ያንቺ ድምፅ አልነበረም፤ የልጅሽ ነው።

«ዶንዴ ኤስታ ኤል አቡዌሎ?»

አንድም ቃል አላመለጠኝም። አያቴ የት ነው?

እናትሽ ሳታቅማማ «ኤስታ ዱርሚዬንዶ» አለችው። ይህ በእኔ መጽሐፍ ውስጥ የለም። እንዳይጠፋብኝ እያልጎመጎምኩ አድሬ፣ ዛሬ ጠዋት ሻጩ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ተኝቷል ማለት ነው» አለኝ።

ተኝቷል! ልጁም አልገረመውም፤ የለመደው መልስ ነው መሰለኝ፣ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ።

እስቲ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። «ነቅቻለሁ» በእነሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል በፊደላችን ጽፈሽ ቶሎ ላኪልኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ የሻንጣው ምርመራ ገና አልተዘጋም።

ቤትሽ ሳቅ አይጉደልበት። ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ። «ባልሽ» ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔም ገርሞኛል።

የማይተኛው አባትሽ