ከለቀስተኛ ቀድሞ የደረሰ ሲጋራ

ውድ ወንድሜ ሙንዚር፣

ሰላምታውን ላሳጥረው፤ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ከርሟል። በአባባ ሐዘን ላይ ያን ሁሉ ሲጋራ ማን እንደተቀበለ ለምን አልጠየቅኸኝም?

እኔ ነኝ። እናንተ አስከሬኑን ልታሳጥቡ እንደወጣችሁ አንድ ሹፌር አምስት ካርቶን ሲጋራ በራችን ላይ አወረደ። "አላህ ያጽናችሁ፣ ከሲጋራው ኩባንያ ነው" አለኝ። በሕዝብ አዳራሽ ማጨስንም፣ ኩባንያዎች ሲጋራ በስጦታ ማደላቸውንም የሚከለክለው፣ አንተ ያረቀቅከው ሕግ ምክር ቤት ሊቀርብ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ልመልሰው ስል አጎታችን አቡ ጋዚ ገቡ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ትሪው ላይ ደርድሪው እንጂ!"

"አጎቴ፣ ሙንዚር ያየ እንደሆነስ?"

"ሙንዚር ሕጉን እዚያው ዋና ከተማው፣ አማን ያውጣ። ይሄ የእኛ አገር ከረክ ነው! ለለቀስተኛ ሲጋራ ነፈጉ ልታሰኚን ነው?"

ይሉኝታ ያዘኝና ደረደርኩት። ትሪው ፊትህ ሲደርስ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ አሳለፍከው አሉ። ጋዜጣው ላይ የወጣው ፎቶ ግን አንተንና ትሪውን ብቻ ነው ያሳየው። "ሲጋራ ከልካዩ ሲጋራ ያድላል" ብለው ሳቁብህ፤ ሕጉም በሁለት ድምፅ ወደቀ። አንተ ቤት መጥተህ ስለ ግቢያችን የወይን ተክል ስታወራኝ እኔ መሬት ዋጪኝ እያልኩ ነበር።

ግን ኩባንያዎቹ መሞቱን እንዴት አወቁ? አባባ ያረፈው ጎህ ሲቀድ ነው። ማዳባ ላለችው አክስታችን እንኳ ገና አልደወልንም ነበር። ጥያቄው አላስቀምጥ ሲለኝ ሹፌሩን ፈልጌ አንድ ሱቅ ደጃፍ እቃ ሲያወርድ አገኘሁት።

"የአባቴን ሞት ማን ነገራችሁ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ? ጫን ያሉኝን እጭናለሁ።"

"መቼ ጫን አሉህ?"

"የዚያኑ ቀን ጠዋት። እቃው ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው የቆየው። ካርቶኑ ውስጥ ወረቀት አለ፣ አላዩትም?"

ባዶ ካርቶኖቹ ውስጥ የተማሪዎቼን ደብተር አጭቄ ነበር። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ "ለክቡር ሙንዚር፣ ለአባትዎ ሐዘን" ይላል፣ የተጻፈበት ቀን የዚያው ሳምንት ሰኞ ነው። አባባ ያረፈው ዓርብ። ሰኞ ዕለት ሆስፒታል ትራሱን ተደግፎ፣ "የኔ ልጅ፣ ጨው ተወዶ ነው?" እያለ በሾርባው አሳብቦ ነርሷ ላይ ሲያሾፍ ነበር። እሱ እየሳቀ እነሱ አንተን ሊያጠምዱበት ሐዘኑን አዘጋጅተዋል፣ ሙንዚር! ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል።

ወረቀቱን አብሬ ልኬልሃለሁ። ሕጉ ዳግም ሲቀርብ ቆመህ አንብብላቸው። "ታዲያ ማን ተቀበለው?" ማለታቸው አይቀርም። አጎታችን ይቆጣሉ፣ ሰፈሩም ያማኛል፤ ይማኝ። "እህቴ ረውዳ ተቀበለችው፣ በገዛ እጇም ትሪ ላይ ደረደረችው" በላቸው።

እህትህ ረውዳ
ከረክ