ማኪንድዬ ላይ በረዶ ለሚጠብቀው የውበት ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ክፍሎም፣
የኮረብታችን ነዋሪዎች ማህበር የውበት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ማኪንድዬ፣ ካምፓላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት ከልብ እጠይቃለሁ። በተለይ ዓይንዎ እንዴት እንደሰነበተ ለማወቅ እጓጓለሁ፤ ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ ማስጠንቀቂያ ላይ ከጣሪያዬ የሚመጣው ነጸብራቅ እንዳስቸገረዎ አንብቤ አዝኛለሁና።

መሬቱን በጋራ ገዝተን ቤት የሠራን አሥራ ዘጠኝ የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተሰቦች፣ እስከ ዘንድሮ ድረስ ጣሪያችን እንዳያፈስ እንጂ እንዲያምር ተጨንቀን አናውቅም። ኮሚቴዎ ይህን ጉድለታችንን ተመልክቶ አሥራ አንድ ገጽ ያለው የሶላር ፓነል አተካከል መመሪያ ስላወጣልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ስድስቱ ፓነሎቼ መመሪያውን ስለማያሟሉ እስከ መጪው ማክሰኞ እንዳወርዳቸው ታዝዣለሁ። ሰነዱን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ጎረቤቶቼም እንዲማሩበት በማሰብ የሚከተሉትን ጥቃቅን ነጥቦች በማህበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. አንቀጽ አራት እያንዳንዱ ፓነል ስልሳ ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የበረዶ ክምር መሸከም እንዲችል ያዛል። ካምፓላ በኖርኩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት የበረዶ ክምር ያየሁት ንቲንዳ ሰፈር፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ዓሣ ሥር ተነጥፎ ብቻ ነው። መመሪያውን ስዊድን የሚኖሩት ወንድምዎ ከራሳቸው ሰፈር እንደላኩልዎ ሰምቻለሁ። ስላሰቡልን ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ለአንድ ቤት ስንት አካፋ እንደሚያስፈልግም ይጠይቁልኝ።

፪. አንቀጽ አምስት ፓነሎች ሁሉ በአርባ ዲግሪ ዘንበል ብለው ወደ ደቡብ እንዲዞሩ ይላል። ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ለምትውልበት ለስዊድን ይህ ትክክል ነው። እኛ ያለነው የምድር ወገብ አጠገብ በመሆኑ ፀሐይ ግማሹን ዓመት በሰሜናችን፣ ግማሹን በደቡባችን ታልፋለች፤ እንደታዘዝኩት ብተክላቸው በሰኔ ወር ቀትር ላይ ከኃይላቸው ከግማሽ በላይ አጣለሁ። ፊዚክስ የተማርኩት ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ፀሐይ ከዚያ ወዲህ መንገዷን ቀይራ ከሆነ ኮሚቴው በጽሑፍ ያሳውቀኝ።

፫. ፓነሎቹ የጣሪያውን ቀለም እንዲመስሉ ታዟል። ጣሪያዬ ቀይ ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ ፓነል በእርግጥ ያምራል፤ ሥራ አይሠራም እንጂ።

፬. ፓነል ከየትኛውም ጎረቤት ቤት መታየት የለበትም ተብሏል። ክቡር ሊቀመንበር፣ የምንኖረው ኮረብታ ላይ ነው። የእርስዎ ቤት ጫፉ ላይ ስለሆነ ከበረንዳዎ ሆነው የማያዩት ጣሪያ ቢኖር የራስዎ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ አጥሩ ጋ ቆመው «መንሱር፣ ሻይ በጠጣሁ ቁጥር የማየው ያንተን ሶላር ነው» ሲሉኝ፣ ባለቤቴ ኻሊዳ «ታዲያ ወንበሩን ያዙሩታ፣ ጋሼ!» ያለችዎ በንቀት አይደለም፤ ከሁሉም የሚቀለው መፍትሔ እሱ ስለመሰላት ነው።

ኻሊዳን ካነሳሁ አይቀር፣ መመሪያው ያልጠቀሰውን አንድ ጉዳይ ልጨምር። በጓሮ ክፍላችን የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን አላት፤ አሁን ሁለት መቶ ስልሳ አራት እንቁላል ይዟል። እንቁላሎቹ ሙቀቱ ሳይቋረጥባቸው ሃያ አንድ ቀን መቆየት አለባቸው። ባለፈው ሚያዝያ መብራት ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ጠፍቶ፣ ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን የቀራቸው ጫጩቶች በሙሉ ሞቱባት። የተረፈ ይኖር እንደሆነ ብላ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ሰብራ አየች። አልተረፈም። ፓነሎቹን ያስተከልኩት ከዚያ በሳምንቱ ነው።

አውርድ የተባልኩበት ማክሰኞ ለእንቁላሎቹ አሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ኮሚቴው ብዙ ነገር የመወሰን ሥልጣን እንዳለው አውቃለሁ፤ ጫጩት በስንት ቀን እንደሚፈለፈል የሚወስን አንቀጽ ግን ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ ማክሰኞ አላወርድም። ረቡዕም አላወርድም። መመሪያው እኛ ለምንኖርበት አገር ተስተካክሎ ሲወጣ በደስታ አነባለሁ፤ ኮሚቴው ከፈቀደም ማዕዘን መለኪያዬን ይዤ ከአባላቱ ጋር ጣሪያ ለጣሪያ ለመዞር ዝግጁ ነኝ። መሰላሉን እኔ አመጣለሁ።

ለሰፈራችን መልክ የሚያደርጉት ድካም ዕረፍት እንዳይነሳዎ እየተመኘሁ፣ በአሥራ አንድ ገጽ ተዘርዝሮ በማያልቅ አክብሮት፣

ከበረንዳዎ በታች ሦስተኛው ጣሪያ፣
መንሱር ሸሪፍ

ተጨማሪ፦ ባለፈው ረቡዕ ኮረብታው በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ሳለ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ሉቅማን «አስቸኳይ የኮሚቴ ወረቀት ነው፤ መብራት ያለው እናንተ ቤት ብቻ ነው» ብለው በእኔ ማተሚያ ሁለት ገጽ አትመው ሄዱ። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ስለሆነ ዞር ብዬም አላየሁት። ማስጠንቀቂያው መሆኑን ያወቅሁት ከአንድ ሰዓት በኋላ በፖስታ ታሽጎ ለእኔው ሲደርሰኝ ነው። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ለማተም ሲመጡ ማተሚያው እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ ብቻ ቀለም ስላለቀ ይዘው ይምጡ።